ከድንጋይ ሥር የሚሮጠው ጥቁር ጢንዚዛ ምን በልቶ ያድራል?

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ወይም ጣርማበር ላይ ከማሳ ዳር ድንጋይ ገልበጥ ብታደርጉ አንድ ጥቁር ነገር እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲፈረጥጥ ታያላችሁ። ጀርባው ያብለጨልጫል። እግሩ ቀጭንና ረጅም ነው። ብርሃን አይወድም፤ በደንብ ልየው ሳትሉ ሌላ ድንጋይ ሥር ገብቷል።

ብዙ ሰው ይህን ፍጡር ሲያይ ቶሎ የሚያነሳው እግሩን ነው። "ገብሱን የሚጨርሰው ይሄ ነው" ይባላል። ነቀዝም ጢንዚዛ ነው፣ እበት የሚያንከባልለውም ጢንዚዛ ነው፣ ይሄም ያው ነው ተብሎ ይደመደማል። እንዲህ እየሆነ ተባይ የሚበላው በተባይ ስም ይረገጣል።

ይህ ማብራሪያ ስለዚህ ጢንዚዛና ስለ አንድ ምግቡ ነው። ምግቡ በጣም ትንሽ ነው፣ በጣም ብዙ ነው፣ ለመያዝ ደግሞ በጣም ያስቸግራል። የአንዳንዶቹን ጢንዚዛዎች ዓይን፣ አንቴናና አፍ ዛሬ ያለውን መልክ ያስያዘው ይኸው አስቸጋሪነቱ ነው።

የትኛው ጢንዚዛ ነው?

በሳይንስ ካራቢድ ይባላል። እዚህ የመሬት ጢንዚዛ እያልን እንሂድ። በዓለም ላይ 40,000 ገደማ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው፣ ነሐስማ ወይም አረንጓዴ የሚያንጸባርቁም አሉ። ከመብረር ይልቅ መሮጥ ይቀናቸዋል። በተለይ ደጋ ላይ ጭራሽ የማይበሩ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ሌሊት ይወጣሉ። ቀን ቀን ድንጋይ ሥር፣ የወደቀ ግንድ ሥር፣ ካብ ውስጥ ወይም በተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ውስጥ ይደበቃሉ።

ከሌሎቹ መለየቱ ቀላል ነው። ነቀዝ አፉ ሾጠጥ ብሎ ወደፊት የወጣ ነው፤ ጎተራ ውስጥ ይኖራል፣ ሲሄድም ቀስ ብሎ ነው። የእበት ጢንዚዛ ደንዳና ነው፤ የፊት እግሮቹ ለቁፋሮ ሰፋ ያሉ ናቸው። የመሬት ጢንዚዛ ግን ጠፍጠፍ ያለ ነው። ወደፊት የሚወጡ መንጋጋዎች አሉት፣ አንቴናው ቀጭንና ረጅም ነው፣ ሩጫው ደግሞ አይጣል ነው።

ሁሉም አዳኝ ነው ማለት አይደለም። የአረም ዘር የሚበሉ አሉ። አውሮፓ ውስጥ እንደውም የስንዴ ቡቃያ የሚያበላሽ ወገን አለ። አብዛኞቹ ግን ሌላ ነፍስ አድነው የሚኖሩ ናቸው፦ ትል፣ ክሽክሽ (የሰብል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ)፣ የዝንብ እንቁላል፣ ቀንድ አውጣ ይበላሉ። ከትናንሾቹ መሃል የብዙዎቹ የዘወትር ምግብ ኮሌምቦላ የሚባለው ፍጡር ነው።

ኮሌምቦላ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። የአበባ ማሰሮ ውኃ ስታጠጡ ከአፈሩ ላይ ብድግ ብድግ የሚሉ ነጫጭ ነቁጦች አሉ። ዝናብ ባቆረው ውኃ ላይ ተሰብስበው ሳይሰምጡ የሚቀመጡ ጥቁር ነቁጦችም አሉ። ሲዘሉ ያየ ሰው ቁንጫ ይመስሉታል። ቁንጫ አይደሉም። ደም አይመጡም፣ ሰውም ከብትም አይነኩም።

ስድስት እግር አላቸው። ያም ሆኖ ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ከነፍሳት ጎራ ለይተው ለብቻቸው ይመድቧቸዋል። አፋቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ገባ ብሎ የተሸሸገ ነው፣ ክንፍም በዘራቸው ኖሮ አያውቅም። ብዙዎቹ ከ3 ሚሊሜትር አይበልጡም። እስካሁን ከ9,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ጤናማ አፈር ውስጥ በአሥር ሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ።

የሚበሉት ሻጋታና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ገለባና ፍግ አፈር ሆኖ እንዲያልቅ ከሚያደርጉት ጥቃቅን ፍጥረታት መሃል ናቸው። በዕድሜም የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በሚባል ቦታ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ኮሌምቦላ ድንጋይ ውስጥ ተቀርጾ ተገኝቷል። ያኔ አበባ የሚያወጣ ተክል በምድር ላይ አልነበረም።

እንግዲህ ምግቡ ሞልቷል፤ በሁሉም ቦታ አለ፣ ቀኑን ሙሉ አለ። ነገር ግን ልያዝህ ሲሉት የለም።

ለመያዝ ለምን ያስቸግራል?

በልጅነቱ ወፍ ለማጥመድ ወስፈንጥር የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በኃይል የጎበጠ እንጨት አለ። እንጨቱ እንዳይቃና የሚይዘው ትንሽ መቆንጠጫ አለ። መቆንጠጫው ሲለቅ እንጨቱ ቀጥ ይላል፣ የተጠራቀመው ጉልበትም በአንዴ ይወጣል። ኮሌምቦላ ይህንኑ ሆዱ ሥር ይዞ ይዞራል። ጫፉ ሁለት የሆነ ማስፈንጠሪያ ከሆዱ መጨረሻ አካባቢ ይነሳና ወደፊት ታጥፎ ሆዱ ሥር ይተኛል። ትንሽ መንጠቆ ይይዘዋል። አደጋ ሲመጣ መንጠቆው ይለቃል፤ ማስፈንጠሪያው መሬቱን ይመታል፤ ባለቤቱ አየር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሚሊሰከንዶች ነው። አንድ ሚሊሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት አንዲት ድቡልቡል ኮሌምቦላን በፈጣን ካሜራ ቀርጾ ነበር። ርዝመቷ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስትዘል ከ60 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየር ላይ ደግሞ ወደኋላ ትገለባበጣለች፤ ፍጥነቷ በሰከንድ እስከ 368 ዙር ተለክቷል። ሌላ በ2022 የወጣ ጥናት ውኃ ዳር የሚኖሩትን ተመልክቷል። እነሱ ሆዳቸው ሥር ባለ ትንሽ ቱቦ የውኃ ጠብታ ይዘው ይነሳሉ። በጠብታው ክብደት ታግዘው አየር ላይ ይቃናሉ፤ ለመቃናት 20 ሚሊሰከንድ እንኳ አይፈጅባቸውም። ሲያርፉም ጠብታው ከውኃው ጋር ያጣብቃቸዋል።

መዝለሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰውነታቸው ላይ የአየር ንቅናቄ የሚሰሙ ስስ ጠጉሮች ያሏቸው አሉ፤ አዳኝ ሲጠጋ ቀድመው ያውቃሉ። ቆዳቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጥቃቅን እብጠቶች የተሸፈነ ነው፤ ውኃ አያርሰውም፣ ብዙ ነገርም አይጣበቅበትም። ቅርፊት የለበሱም አሉ። አዳኙ ሲነክሳቸው ቅርፊቱ ተላቆ አፉ ውስጥ ይቀራል፣ ባለቤቱ ያመልጣል።

ከአፈሩ ጠለቅ ብለው የሚኖሩት ነጫጮቹ ደግሞ ማስፈንጠሪያቸው ያጠረ ወይም ጭራሽ የጠፋ ነው። እዚያ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ወዴት ይዘላሉ? ከእነሱ አንዳንዶቹ በሌላ መንገድ ይከላከላሉ። ሲነኩ ቆዳቸው ላይ ካሉ ነጥቦች የሚያስጠላ ፈሳሽ ያወጣሉ። አዳኙ ይተፋቸዋል፣ አፉንም ይጠርጋል።

ታዲያ ጢንዚዛው እንዴት ይይዘዋል?

የጢንዚዛ ዋና መሣሪያ መንጋጋው ነው። ለትልና ለቀንድ አውጣ ከበቂ በላይ ነው፤ ትል አይዘልም። ለኮሌምቦላ ግን መንጋጋ ይዘገያል። ሁለቱ መንጋጋዎች ተከፍተው እስኪገጥሙ ማስፈንጠሪያው ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ በኮሌምቦላ ላይ የተካኑት ጢንዚዛዎች መንጋጋውን ሳይጥሉ ሌላ ነገር ጨምረዋል። የሚገርመው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር አልጨመሩም።

ይህን በዝርዝር ያጠኑት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ጢንዚዛዎቹን ከኮሌምቦላ ጋር አንድ ላይ አድርገው ጥቃቱን በፈጣን ፊልም ቀረጹት። በዓይን ሲታይ "ተጠጋ፣ በላ" የሚባለው ነገር ፊልሙ ሲዘገይ ሦስት የተለያየ ታሪክ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው በዓይኑ የሚያድነው ነው። ኖቲዮፊለስ ይባላል። 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ነሐስማ ቀለም አለው፣ ከአብዛኞቹ ዘመዶቹ በተለየ ቀን በፀሐይ ይወጣል። ጭንቅላቱን ከላይ ብታዩት ዓይን ብቻ ይመስላል፤ ግራና ቀኙን ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይዘውታል። አካሄዱ ሮጥ ብሎ መቆም ነው። ሮጥ ይላል፣ ቀጥ ይላል። እየሮጠ ሳለ ዓለም ሁሉ ስለሚንቀሳቀስበት የሚንቀሳቀስ ምግብ መለየት ይከብደዋል። ሲቆም ግን የሚንቀሳቀሰው ምግቡ ብቻ ነው። ኮሌምቦላ አንቴናውን ነቅነቅ ካደረገ አለቀ። ጢንዚዛው ፊቱን ወደዚያ ያዞራል፣ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ጥቂት ሚሊሜትር ሲቀረው ይቆማል። ሁለቱ ዓይኖቹ ወደፊት አንድ ላይ የሚያዩት ቦታ ስላለ ርቀቱን ይለካሉ። ከዚያ መላ ሰውነቱን ወደፊት ይወረውራል፣ መንጋጋው ይገጥማል።

ብዙ ጊዜ ይስታል። በደንብ የሚዘል ኮሌምቦላ ሲገጥመው በተለይ ይስታል። ነገር ግን ምግቡ ብዙ ነው፣ ቀኑም ረጅም ነው። ሳይነኩ ርቀት መለካት መቻሉ ነው ጥቅሙ፤ ኮሌምቦላው አዳኙን የሚያውቀው ከተነካ በኋላ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል።

ሁለተኛው ሎሪሴራ ነው። እኔን በግሌ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። እርጥብ ቦታ ይወዳል፣ ጨለማ ውስጥም ያድናል። ስለዚህ ዓይን ብዙ አይረዳውም። አንቴናውን ተመልከቱት። በሌሎች ጢንዚዛዎች ዘንድ አንቴና ማሽተቻና መዳሰሻ ነው። የሎሪሴራ አንቴና ግን ከሥሩ ባሉት ክፍሎች ላይ ረጃጅምና ደረቅ ጠጉር አብቅሏል። ጠጉሮቹ ወደታችና ወደውስጥ ያጋደሉ ናቸው። ከመንጋጋው ሥር ያሉት ትናንሽ የአፍ ክፍሎችም እንዲሁ ጠጉር አላቸው።

ሎሪሴራ ኮሌምቦላ ፊቱ እንዳለ ሲያውቅ ሁለቱን አንቴናዎች በሚሊሰከንዶች ውስጥ ወደታች ይመታቸዋል። የግራውና የቀኙ ጠጉር ኮሌምቦላው ላይ ይገጥማል። በዚያው ቅጽበት ኮሌምቦላው ማስፈንጠሪያውን ይለቃል። ይዘላል። ግን የሚዘለው ወደ ጠጉሩ ነው። ከላይም ከጎንም ታጥሯል። እየተንፈራገጠ ሳለ ጢንዚዛው ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርግና በመንጋጋው ይለቅመዋል። አሁን መቸኮል የለበትም። መንጋጋው አልፈጠነም፤ ከመንጋጋው በፊት የሚደርስ ነገር ነው የመጣው። ይህ የጠጉር ወጥመድ በዝርዝር ተገልጾ የታተመው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሦስተኛው ሌይስተስ ነው። እሱም የሌሊት አዳኝ ነው፣ እሱም የጠጉር ወጥመድ አለው። ወጥመዱ ግን አንቴናው ላይ አይደለም፣ አገጩ ሥር ነው። ከጭንቅላቱ በታች ረጃጅም ጠጉሮች ተደርድረው ወደፊት ወጥተዋል፤ መንጋጋዎቹም ወደ ውጪ በኩል ሰፍተው ከዳር ይዘጋሉ። ሌይስተስ ኮሌምቦላው ላይ ይደፋበታል። የሚዘልበት አቅጣጫ ሁሉ ጠጉር ይገጥመዋል፣ ወደ መንጋጋውም ይመለሳል። አንቴናና አገጭ የተለያዩ የሰውነት ክፍሎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ ሆኗል። ሁለቱ ወገኖች እየተኮራረጁ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ምግብ አንድ ዓይነት መፍትሔ አስወልዷቸው ነው።

እግረ መንገዳችንን፣ ከመሬት ጢንዚዛ ቤተሰብ ውጪ ስቴነስ የሚባል ሌላ ጢንዚዛ አለ። እሱ የታችኛውን ከንፈሩን በሰውነቱ ፈሳሽ ግፊት ወደፊት ያስወነጭፈዋል። ጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለው። ኮሌምቦላው ይጣበቅና ወደ አፉ ይሳባል።

እጩስ ምን ያደርጋል?

ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመሬት ጢንዚዛ ከእንቁላል ሲወጣ ትል መሰል እጭ ነው፤ አፈር ውስጥ ያድጋል፣ ቆዳውን እየቀየረ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጢንዚዛ የሚሆነው። እጭ አንቴናው አጭር ነው፣ ወጥመድ የሚሆን ጠጉር የለውም። ኮሌምቦላ ግን እሱም መብላት አለበት።

የሎሪሴራ እጭ ዘዴው ሙጫ ነው። ከአፉ ጎን ሁለት ቀጫጭንና ረጃጅም ክፍሎች ወደፊት ይወጣሉ፤ ጫፋቸው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል። በእነሱ ኮሌምቦላውን ነካ ካደረገው ይይዘዋል። ምንም የማይጣበቅበት ቆዳ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ መሆኑን ልብ በሉ። ወላጁ በጠጉር፣ ልጁ በሙጫ፤ አንድ እንስሳ በሁለት ዕድሜው አንድን ምግብ በሁለት መንገድ ይይዛል።

ከተያዘ በኋላ ምግቡን መዋጥ አለ። ብዙ የመሬት ጢንዚዛዎች፣ በተለይ እጮቹ፣ የሚፈጭ ፈሳሽ ምግቡ ላይ አፍስሰው ካሟሟት በኋላ ይመጡታል። በዚህ የተነሳ ሆዳቸው ተከፍቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ቁራጭ አይገኝም። ዛሬ ተመራማሪዎች ጢንዚዛው ምን እንደበላ የሚያውቁት ሆዱ ውስጥ የቀረውን የምግቡን ዲኤንኤ በመፈለግ ነው።

ይህ ዘዴ መቼ ተጀመረ?

የዛፍ ሙጫ ወደ ድንጋይ ሲለወጥ ውስጡ የተያዙትን ነፍሳት እንዳሉ ያቆያል። ሚያንማር ውስጥ በተገኘ 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው እንዲህ ያለ ሙጫ ውስጥ የሎሪሴራ ዘመድ የሆነ ጢንዚዛ ተገኝቷል። አንቴናው ላይ ረጃጅሞቹ ጠጉሮች አሉ። ያኔ ዳይኖሰሮች ገና አልጠፉም ነበር። ዘዴው አዲስ አይደለም ማለት ነው።

እነዚህ ጢንዚዛዎች ሰሜን ሸዋ ውስጥ አሉ?

ኖቲዮፊለስ፣ ሎሪሴራና ሌይስተስ የሰሜኑ የቀዝቃዛና መካከለኛ አየር አገሮች ነዋሪዎች ናቸው። ከላይ የተነገረው የእነሱ ታሪክ ነው። የእኛ ደጋ የራሱ ጢንዚዛዎች አሉት።

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ትሬከስና ካላተስ በሚባሉ የመሬት ጢንዚዛዎች የታወቁ ናቸው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። አብዛኞቹ ክንፋቸው ለበረራ አይሆንም። በሮ መሄድ የማይችል እንስሳ ከተራራ ተራራ ለመሻገር ሞቃቱን ቆላ በእግሩ ማቋረጥ አለበት፤ አይችልም። ስለዚህ በየተራራው ለየብቻው ይቀርና ከጊዜ ብዛት የራሱ ዝርያ ይሆናል። ትሬከስ ትንሽ ነው፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። የትሬከስ ወገኖች የጠጉር ወጥመድ የላቸውም። ኮሌምቦላ፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ መዥገር መሰል ጥቃቅን ፍጥረታት፣ የዝንብ እንቁላልና ትንንሽ እጮች ያገኙትን ይበላሉ። የእነሱ ብልሃት ሌላ ነው፤ ቀጭንና ጠፍጣፋ ሰውነታቸው ኮሌምቦላው ወደሚኖርበት ጠባብ ቦታ ያስገባቸዋል። ጠባብ ቦታ ውስጥ ደግሞ መዝለል ብዙ አይጠቅምም።

ሰሜን ሸዋ ለእንዲህ ዓይነት እንስሳ የተመቸ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ አለ፣ ጉሙ አለ፣ ድንጋዩ ሞልቷል። ጓሳን ብዙዎች የሚያውቁት በቀይ ቀበሮና በጭላዳ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ የጥበቃ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቀው ኖሯል። እንዲያ የተጠበቀ ወፍራም ሣር ከሥሩ የሞተ ቅጠል ያጠራቅማል፣ እርጥበት ይይዛል። ኮሌምቦላ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ለገብሱ ምን ይፈይድለታል?

"ኮሌምቦላ ተባይ ካልሆነ፣ ጢንዚዛው እሱን ቢበላ ለእኔ ምኔ ነው?" የሚል ገበሬ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ጊዜ ላይ ነው ያለው።

ክሽክሽ በገብስ ላይ ዓመቱን ሙሉ አይኖርም። ሰብሉ አድጎ ሲመቸው ይመጣና ይባዛል። አዳኙ ግን ክሽክሽ እስኪመጣ ሳይበላ አይቆይም። ምግብ ካጣ ይሞታል፣ ወይ እንቁላል አይጥልም፣ ወይ ጥሎ ይሄዳል። በመሃል ያለውን ጊዜ የሚያሻግረው ኮሌምቦላ ነው። ገብሱ ገና ቡቃያ ሳለ፣ ተባይ ሳይታይ፣ ማሳው ውስጥ ኮሌምቦላ ካለ ጢንዚዛውም አለ። ክሽክሹ ሲመጣ አዳኙ ቀድሞ ሲጠብቀው ያገኘዋል። በተለይ ነፋስና ዝናብ ከቅጠል ላይ የሚያወርዳቸውን ክሽክሾች መሬት ላይ ይለቅማቸዋል።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ የእህል ማሳ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች መሬት ለመሬት የሚሄዱ አዳኞች እንዳይገቡ ቁራጭ ቦታዎች ታጥረው ነበር። በታጠሩት ውስጥ ክሽክሽ በዝቶ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ መጋነን የለበትም። የመሬት ጢንዚዛ ደገዛ የሚባለውን ፌንጣ መሰል ተባይ አያስቆምም፤ ደገዛ ትልቅ ነው፣ በመንጋ ነው የሚመጣው። ክሽክሽ በበዛበት ዓመትም ጢንዚዛ ብቻውን አይመልሰውም። የሚያደርገው የተባዩን አነሳስ ማዘግየት ነው። ያም ቢሆን ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

ምን ይጎዳቸዋል?

ዋናው ነገር አፈሩ ላይ የሚቀረው ነው። ኮሌምቦላ የሚበላው ሻጋታ ገለባና ፍግ ላይ ይበቅላል። በእኛ ደጋ ማገዶ የለም፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገለባው ለከብት ይሰጣል፣ የቀረውም በግጦሽ ያልቃል። ማንም ወዶ አይደለም፤ ብርዱ ይታወቃል። ነገር ግን ወደ አፈሩ የሚመለስ ነገር በቀነሰ ቁጥር ኮሌምቦላውም ይቀንሳል፣ ጢንዚዛውም ይከተላል። ከምድጃ የተረፈውን ፍግ ከጓሮ አልፎ ለማሳው ዳርቻ ማድረስ የቻለ ሰው ለውጡን ድንጋይ ገልብጦ ማየት ይችላል።

የገብስ መሬት ላይ ጓሉን ከምሮ አፈር ማቃጠል በሰሜን ሸዋ ደጋ የቆየ ልማድ ነው። ለአንድ ሁለት ዓመት ምርት ይሰጣል። በተቃጠለው ክምር ውስጥ የነበረው ኮሌምቦላና እጭ ግን ያልቃል፣ የሚመገቡት ብስባሽም አብሮ ይነዳል። ከዚያ ቦታው ተመልሶ እንዲሞላ ከዳር መምጣት አለባቸው። የማይበር ጢንዚዛ ደግሞ ከሩቅ አይመጣም።

ለዚህ ነው ካቡ ትልቅ ነገር የሚሆነው። የማሳ ወሰን ላይ ያለ የድንጋይ ካብ፣ ያልታረሰ ዳርቻ፣ የሣር ድንበር፣ ሁሉም ጢንዚዛው የሚጠጋባቸው ቦታዎች ናቸው። ማሳው ሲታረስ ወደዚያ ይሸሻል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲመጣ እዚያ ያድራል። ቡቃያው ሲወጣ ከዚያ ይመለሳል። ድንጋዩን ለቅሞ ወሰኑን አልብሶ ማረስ ትንሽ መሬት ያስገኛል፣ ጢንዚዛውን ግን ቤት ያሳጣዋል።

የፀረ ተባይ መድኃኒት ጉዳይ አጭር ነው። ክሽክሽ የሚገድለው መርጫ አብዛኛው ጢንዚዛም ይገድላል። ክሽክሽ በሳምንታት ውስጥ ይባዛል፤ የመሬት ጢንዚዛ ብዙ ጊዜ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከርጭት በኋላ ቀድሞ የሚመለሰው ተባዩ ነው። መርጨት የግድ ከሆነ ተባዩ ያለበትን ቦታ ብቻ መርጨትና የካቡን ዳር መተው ብዙ ያድናል።

በዓይኔ ላያቸው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ መሣሪያም ብዙ አያስፈልግም። ለኮሌምቦላ ከበሰበሰ ገለባ ወይም ከዛፍ ሥር ብስባሽ አንድ እፍኝ አንሱና ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። ትንሽ ጠብቁ። የሚንቀሳቀሱ ነቁጦች ይታያሉ። በስንጥር ጫፍ ነካ ስታደርጉት ቦታው ላይ ከሌለ ኮሌምቦላ ነው። የስልክ ካሜራ ላይ የሚገጠም አጉሊ መነጽር ካላችሁ ሆዱ ሥር የታጠፈውን ማስፈንጠሪያ ማየት ይቻላል።

ለጢንዚዛው አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ቅበሩት። ዝናብ እንዳይሞላው ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በትናንሽ ጠጠሮች ላይ አስቀምጡለት፤ ከሥሩ ጢንዚዛ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ማታ ቀብራችሁ ጠዋት እዩት። ሌሊት ሲሮጥ ይገባል፣ በለሰለሰው ግድግዳ መውጣት አይችልም። ተመራማሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። አይታችሁ ስትጨርሱ ልቀቁት፤ ድንጋይ ስታነሱም መልሳችሁ እንደነበረ አስቀምጡት። ከሥሩ ያለው እርጥበት የኮሌምቦላውም የጢንዚዛውም ነው።

ይነክሳል ወይ?

ትልልቆቹ ከያዛችኋቸው መንጋጋቸው ቆንጠጥ ያደርጋል፤ መርዝ ግን የለውም። ብዙዎቹ ሲጨነቁ ከኋላቸው የሚሸት ፈሳሽ ይለቃሉ። አንዳንዶቹ ከዚህ ቤተሰብ የሆኑ ጢንዚዛዎች እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ የጋለ ፈሳሽ በድምፅ ይተኩሳሉ፤ ጣት ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ቆዳንም ያጠቁራል። በባዶ እጅ ከመያዝ በስንጥር ወይም በቅጠል ማንሳት ይሻላል። የነካ ሰው ዓይኑን ሳያሽ እጁን በሳሙና ይታጠብ።